ካሳነሽ እና የቪኮሎ ዴሌ ሞሬ ገልባጮች

ካሳነሽ ሰው መናቅ የምትጀምረው ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ነበር። መጀመሪያ ሣባን ትንቃለች፤ ኤስኲሊኖ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይታ አብራት የምትኖረውን፣ የስልኳን ደወል ሦስቴ ካላጠፋች የማትነሳውን ጓደኛዋን። ቀጥሎ ሜትሮው በር ላይ ተገትረው ወራጅ የማያሳልፉትን ትንቃለች። የሜትሮው መጨረሻ ጣቢያ አናኚና ስትደርስ ደግሞ አውቶቡስ እየጠበቁ ሲጋራቸውን ሳያጠፉ የሚወረውሩትን። አውቶቡሱ ከከተማ ወጥቶ ቪኮሎ ዴሌ ሞሬ የሚባለው ጠባብ መንገድ አፍ ላይ እስኪያወርዳት ድረስ የሮምን ሕዝብ ግማሹን አበጥራ ጨርሳለች።

የቀረው ግማሽ መንገዱ ላይ ይጠብቃታል።

መንገዱም መንገድ ከተባለ ነው። ግራና ቀኙ በቱፎ ድንጋይ የታጠረ፣ ሁለት ትንንሽ መኪኖች ትከሻ ለትከሻ እየተሻሹ የሚተላለፉበት፣ የእግረኛ መሄጃ የሚባል ነገር ያልተሠራለት አንድ ኪሎ ሜትር ነው። መሃሉ ላይ ኩርባ አለ። ኩርባው ላይ በስተቀኝ የአሸዋ ማውጫው በር አለ፤ ከዚያ በር ቤት የሚያካክሉ ገልባጮች ቀኑን ሙሉ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ከኩርባው አልፎ ሦስተኛው ቤት ካሳነሽ በቀን ሥራ የምታስታምማቸው የሲኞር ኤቶሬ ቤት ነው።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ነው። ካሳነሽ ከቄራ ሰፈር ወጥታ ሮም ከገባች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሦስት አሮጊቶችን አስታማ ቀብራለች፤ ሦስቱንም አክብራ ይዛለች፣ አንዷንም አላደነቀችም። አራተኛው ሲኞር ኤቶሬ ናቸው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከሚላኖ ፓሌርሞ ካሚዮን የነዱ፣ በሰማንያ ዓመታቸው ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ሽባ አድርጎ መስኮት ሥር ያስቀመጣቸው ሰውዬ። ከዚያ መስኮት ሆነው የሚያልፈውን ሁሉ ይሳደባሉ። ሳይክል ነጂውን፣ ፖስተኛውን፣ ቄሱን። ካሳነሽ ሰውዬውን ያልወደደቻቸው በዚህ ይመስላት ነበር፤ ሣባ ግን «ሥራሽን ስለቀሙሽ ነው» ትላታለች።

«ካሳ» ይሏታል፤ ሙሉ ስሟን ለመጥራት ምላሳቸው ስለሚሰንፍ። «ዛሬም ጀርባሽን ለካሚዮን ሰጥተሽ መጣሽ?»

«ታዲያ ፊቴን ልስጠው?»

«አዎ፣ ፊትሽን! በግራ በኩል ሂጂ። የሚመጣብሽን ፊት ለፊት እዪው፣ እሱም ይይሽ። በቀኝ የምትሄጂ ከሆነ ግን ማን እንደገደለሽ እንኳ ሳታውቂ ትሞቻለሽ።»

«ቫ ቤኔ፣ ሲኞር ኤቶሬ። አሁን መድኃኒትዎን ይዋጡ።»

ካልሲውን ራሱ ማጥለቅ ያቃተው ሰው አረማመድ ሊያስተምረኝ፣ ትላለች በሆዷ። አንቱታውን ግን አንድም ቀን አጉድላ አታውቅም፤ እሱ የአስተዳደግ ጉዳይ ነው። በማግስቱ ግን እንደገና በቀኝ ትሄዳለች። እልህ ጭምር ነበር።

በመጋቢት አንድ ማለዳ ታዲያ የሽማግሌውን ዳቦ፣ አራት ካርቾፊ የሚባል አትክልትና አንድ ጥቅል የሽንት ጨርቅ በከረጢት አንጠልጥላ በቀኙ አጥር ሥር ስትሄድ ከኋላዋ ገልባጭ መጣ። ኩርባው ላይ ደርሳለች። ዘወር ብላ አየችው። ፍሬቻው ወደ ቀኝ ይበራል፤ መኪናው ግን አፍንጫውን ወደ ግራ አዙሮ ከእሷ ራቀ። «የሚሄድበትን እንኳ የማያውቅ!» ብላ ከንፈሯን ነከሰችና ቦታ የለቀቀላት መስሏት እርምጃዋን ቀጠለች።

የለቀቀላት ግን አልነበረም። ለመታጠፍ እየሰፋ ነበር። አፍንጫው ተመልሶ ወደ ቀኝ ሲዞር የኋላው አካል የፊቱን ፈለግ አልተከተለም፤ በአቋራጭ መጣ። ካሳነሽ ድንገት በብረት ግድግዳና በድንጋይ አጥር መሃል ሆና ራሷን አገኘች፤ ብረቱም ይጠጋል። ጀርባዋን ከቱፎው ለጥፋ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች። የገልባጩ ጎን የካፖርቷን ቁልፍ ቆርጦ ወሰደ። ከረጢቷን ከእጇ ነጠቃት፤ ጎማዎቹ አንድ በአንድ ወጡበት። ካርቾፊው ሲደቅ ሰማችው። ከዚያ ጎኑ አለቀ፤ ሰማይ ታየ፤ ገልባጩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በሩን አልፎ ገባ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ቁጭ ይል ነበር። ካሳነሽ ግን ተከትላው ገባች። ዘበኛው «ሲኞራ! ሲኞራ!» እያለ ሲከተላት ዞር ብላም አላየችው። ገልባጩ ቆሞ ሹፌሩ ከጋቢናው ሲወርድ አማርኛዋን ለቀቀችበት። በአማርኛ መሳደብ አንዳች ነፃነት ነበረው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሮምን የሰደበችው ማንም ሳይሰማት ነው።

«አንተ ዕውር! አንተ ድንጋይ ራስ! የሰው ቅርፊት! ይህን ተራራ የሚያህል ብረት ማን አባቱ አምኖ ሰጠህ? ፍየል ቢሰጡህ አትነዳ!»

«እትዬ» አለ ሹፌሩ፣ በጠራ አማርኛ። «ስድቡ ገብቶኛል። ምን ሆነው ነው? ተጎድተዋል?»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሰውየው አርባ የሚጠጋው፣ ጠይም፣ ፂሙን በአሸዋ አቧራ ያሸበተ የዓዲግራት ሰው ነበር። ወልደንኪኤል ይባላል። ስደተኞች የሚኖሩበት ሰላም ፓላስ ሕንፃ ውስጥ አራት ዓመት ኖሮ፣ የከባድ መኪና ፓቴንቴ፣ መንጃ ፈቃድ፣ አውጥቶ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ እዚህ ካቫ፣ አሸዋ ማውጫው፣ የሚሠራ።

ካፖርቷ ላይ የተቦጨቀውን ሲያይ የጋቢናው መወጣጫ ላይ ተቀመጠ።

«አላየሁዎትም። በማርያም፣ አላየሁዎትም።»

«ዓይንህን የት ጥለኸው?»

«ይምጡ፤ ይውጡና ይዩ። እኔ በቃል ባስረዳዎት አያምኑኝም።»

እንደማታምነው ማወቁ አናደዳት። መወጣጫውን እያማረረች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችና የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወልደንኪኤል ዞሮ በገልባጩ ቀኝ ጎን ሄደ።

«አሁን የት ነኝ?» ሲል ሰማችው።

ስፖኪዮውን አየች። ትልቁን አየች፣ ከሥሩ ያለውን ትንሹን አየች፣ በመስኮቱ አዘቅዝቃ አየች። አጥሩ አለ፣ ዘበኛው በሩቁ አለ፣ ሰውዬው የለም።

«ከተደበቅህበት ውጣና አናግረኝ!»

«አልተደበቅሁም።» ወዲያው ከመስኮቱ ጠርዝ በታች አራት ጣቶች ብቅ አሉ፤ መስታወቱን መታ መታ አደረጉ። «በሩ ሥር ነኝ። እርስዎ የነበሩት እዚህ ነው።»

ካሳነሽ ጥቁር ቡናማ ካፖርቷን ለብሳ፣ ከረጢቷን አንጠልጥላ፣ ሹፌሩን በልቧ እየናቀች በዚያ የለም በሚባል ቦታ ስትራመድ ታያት። ቀስ ብላ ወረደች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ መርቃውም አልሄደችም። «ፊትህን ታጠብ» ብላው ወጣች። ለእሷ ይህ ብዙ ነው።

ሲኞር ኤቶሬ ያለ ዳቦ፣ ያለ ካፖርት ቁልፍ፣ አርፍዳ ስትገባ ሲያዩዋት ለመሳደብ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ነገሩን ስትነግራቸው ግን ስድቡን ተዉት። ከዚያም ጠረጴዛው ላይ የመነጽራቸውን ማኅደር ካሚዮን፣ ሁለት መጻሕፍት አጥር አደረጉ። በደህና እጃቸው እየገፉ አሳዩዋት። «አየሽ፣ ረጅም ስለሆነ ኋላው ይቆርጣል። ስለዚህ አስቀድሞ በተቃራኒው መስፋት አለበት። ቦታ የሰጠሽ ሲመስልሽ ወጥመዱ ያኔ ነው። በውስጠኛው፣ በሚታጠፍበት ወገን፣ በጭራሽ አትግቢ። የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮ ካላየሽው እሱም አያይሽም፤ በቃ፣ ሌላ ሕግ የለም።»

«ፍሬቻው ግን ወደ ቀኝ ነበር» አለች ካሳነሽ ለራሷ፣ በአማርኛ።

«ፍሬቻ? ጣሊያንኛ ነው የተናገርሽው።»

«ጣሊያንኛ አይደለም። አማርኛ ነው። ፍሬቻ፣ ጋቢና፣ ኩርባ፤ ሁሉም አማርኛ ነው።»

«የኛ ቃል ነው፣ አንቺ ሴትዮ!»

«አባቴ ጣሊያንኛ ሳይችል ነው ፍሬቻ ሲል የሞተው!»

ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዳቸው ሌላውን ሳይንቁ ነው የተጨቃጨቁት፤ በበነጋው ግን ወደየልማዳቸው ተመለሱ።

ካሳነሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ በግራ መሄድ ያዘች፣ የሚመጣውን ፊት ለፊት እያየች። ሲኞር ኤቶሬ ከድሮ ሳጥናቸው ያስወጧትን ቢጫ ሰደርያ ካፖርቷ ላይ ትደርባለች። ኩርባው ከመድረሷ በፊት አጥሩ ገባ ያለበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ትቆማለች። ገልባጭ ካለ የሹፌሩን ፊት ትፈልጋለች፤ አንገቱን ካልነቀነቀላት ንቅንቅ አትልም። ወልደንኪኤል ሲሆን ክላክሱን ጢጥ ያደርግላታል፤ እሷ ፊቷን አጨፍግጋ እጇን ታነሳለች።

አሁን የምትንቃቸው ሰዎች ዓይነት ተለወጠ እንጂ ቁጥራቸው አልቀነሰም። እንዲያውም ዕውቀት ንቀቷን አሳመረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቂጣቸው ላይ በተጣበቀ ልብስ ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን እያወሩ የሚጋልቡት ሳይክለኞች አሉ። የሕፃን ጋሪ አስቀድማ፣ እሷ ከጥግ ሳትወጣ ሕፃኑን አውራ መንገድ ላይ የምታወጣ እናት አለች። ከሁሉም በላይ ግን ቀያሹ፣ ጂኦሜትራ ቱሊዮ አለ።

ጂኦሜትራ ቱሊዮ በመንገዱ ጫፍ ያለው ትልቅ ቪላ ባለቤትና የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። «ካሚዮን ይውጣልን» የሚል ጨርቅ በሩ ላይ ሰቅሏል። በየወሩ ስብሰባ ይጠራል፤ ስለ ልጆች ደኅንነት ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ከስብሰባው ሲወጣ የራሱን፣ ጣሪያው ከካሳነሽ ራስ በላይ የሆነ ጂፕ ያስነሳና በዚያው ጠባብ መንገድ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ አውራ ጎዳና ላይ ያለ ይመስል ይበርበታል። ካሳነሽን ገልባጭ አንድ ጊዜ ነው ለጥቂት የሳታት፤ ጂኦሜትራው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይስታታል።

ገልባጭ ፊት ለፊት ሲገጥመው ደግሞ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞ ይቆማል። ከኋላው ሰፊ ቦታ አለ፤ አሥር ሜትር ቢያፈገፍግ ሁሉም ያልፋል። እሱ ግን መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ሠላሳ ቶን አሸዋ የተሸከመው እንዲያፈገፍግለት ይጠብቃል። ካሳነሽ ትዕቢት መስሏት ነበር። ወልደንኪኤል አንድ ቀን በሳቅ ነገራት። «አይደለም እኮ፣ እትዬ። ወደ ኋላ መንዳት አይችልም። አንዴ ሞክሮ የገዛ አጥሩን ነው ያፈረሰው።» ካሳነሽ ይህን ከሰማች በኋላ ለሰውየው የነበራት ጥቂት ጥላቻ እንኳ ጠፋ፤ ንጹሕ ንቀት ብቻ ቀረ።

ኅዳር ላይ፣ እያካፋ፣ ካሳነሽ ጥጓ ላይ ቆማለች። የወልደንኪኤል ገልባጭ ባዶውን ከአውቶቡስ ፌርማታው በኩል መጣ። ፍሬቻውን ወደ ቀኝ አበራ፣ ቀዝቀዝ አለ፣ ወደ ግራ፣ ወደ እሷ ጥግ፣ ሰፋ። ከኋላው የጂኦሜትራው ጂፕ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ስልኩን አየችው። ገልባጩ ወደ ግራ ሲል በቀኝ በኩል የተከፈተውን ቦታ ለራሱ የተከፈተ በር አድርጎ ቆጠረውና ዘው ብሎ ገባ።

ካሳነሽ አላሰበችም። ወልደንኪኤልን ፊት ለፊት ታየዋለች፤ እሱም ያያታል። ሁለት እጆቿን ከራሷ በላይ አንስታ አመሳቀለችና በአማርኛ ጮኸች፦ «ቁም! ሰው አለ! ቁም!»

ፍሬኑ ጮኸ። ገልባጩ ተንገጫግጮ ቆመ። ጂፑ በብረቱና በአጥሩ መሃል እንደ ሽብልቅ ተሰክቶ ቀረ፤ አንዱ በር ቱፎው ላይ፣ አንዱ የገልባጩ የኋላ ጎማ ላይ ተለጥፏል። አንድ ክንድ ያህል ጨምሮ ቢሄድ ኖሮ ጂኦሜትራውን በማንኪያ ይለቅሙት ነበር።

ሰውየው በየትም መውጣት አልቻለም። መስኮቱን ጣት በምታህል ስንጥቅ ከፍቶ ይጮሃል። ወልደንኪኤል ማፈግፈግ አለበት፤ ከኋላው ግን ስምንት መኪና ክላክስ እየነፋ ተሰልፏል። ካሳነሽ ቢጫ ሰደርያዋን አስተካክላ ወደ ሰልፉ ሄደች። ከመጨረሻው ጀምራ አንድ በአንድ አስፈገፈገቻቸው። «አንተ፣ ወደ ኋላ። መሪውን አቅና። ሲኞራ፣ ቅንድብዎን ትተው ስፖኪዮዎን ይዩ። አሎራ፣ ቀጥል!» በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አታውቅም።

ጂፑ ሲላቀቅ ጂኦሜትራው ነጭ ሆኖ ወረደ። የመጀመሪያ ቃሉ «ይህ አረመኔ ሊገድለኝ ነበር፤ ቪጂሊ ጥሩልኝ!» የሚል ሆነ።

ቪጂሊዎቹ፣ የከተማው ትራፊክ ፖሊሶች፣ መጡ፤ አንድ ወፍራም ሰውዬና አንዲት ወጣት ሴት። ጂኦሜትራው ገልባጩ ፍሬቻ ሳያሳይ ገጨኝ አለ። ወልደንኪኤል ነጥቡ ከፓቴንቴው ከተቆረጠ ሥራውም አብሮ እንደሚሄድ ያውቃል። ካሳነሽ ሁሉን እንዳየች ተናገረች። ጂኦሜትራው ወደ ወፍራሙ ዞሮ በእጁ አጣጣላት።

«እሷ? ባዳንቴ ናት፤ አስታማሚ። ፓቴንቴ እንኳ የላትም። ስለ መንዳት ምን ታውቃለች?»

ካሳነሽ የደም ሥሯ ሁሉ ተነሳ። ድምፅዋን ግን አላነሳችም፤ ሽንት ጨርቅ በምትቀይርበት ጸጥታ ነው የተናገረችው።

«ወጣቷ ይምጡ። የጂፑ ጭረት ያለው በገልባጩ የኋላ ጎማ በኩል ነው። ገልባጩ ገጭቶት ቢሆን በፊት መከላከያው ላይ ይሆን ነበር። ገልባጩ መታጠፍ ከጀመረ በኋላ ነው ጂፑ የገባው። ከገባበት ቦታ ደግሞ ሹፌሩ አያየውም። ካላመኑኝ ጋቢናው ላይ ይውጡና ያረጋግጡ፤ እኔ ወጥቼ አይቻለሁ።»

ወጣቷ ቪጂሌ አየቻት። ከዚያ ጋቢናው ላይ ወጣች። ከላይ ሆና ባልደረባዋን በቀኙ በር ሥር እንዲቆም አደረገችው፤ ለጥቂት ጊዜ አንገቷን ወዲያ ወዲህ ስታዞር ቆየች። ስትወርድ ፊቷ ተለውጦ ነበር። «ስልክዎን ያሳዩኝ» አለችው ጂኦሜትራውን።

ሪፖርቱ ለወልደንኪኤል ፈረደ። ካቫው በሪፖርቱ አፍሮ ኩርባው ላይ ክብ መስታወት አስተከለ፤ ሰው ወደ ሥራ በሚወጣበት ሰዓት ገልባጮቹ ባንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄዱ ተደረገ። ጂኦሜትራው መስታወቱን ኮሚቴው በትግሉ ያስገኘው ውጤት ነው ብሎ ስብሰባ ላይ አስጨበጨበ። ካሳነሽ ይህን ከፖስተኛው ስትሰማ መልስም አላባከነችም።

«ፓቴንቴ እንኳ የላትም» የሚለው ግን አላስተኛትም። ለሲኞር ኤቶሬ ስትነግራቸው «እውነቱን ነው፤ የለሽም» አሏት። በማግስቱ ከትራስጌያቸው የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ አገኘች፤ ጎረቤት ልከው አስመጥተውላት ነው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ያነቡላታል። ስትሳሳት «በግ!» ይሏታል። እሷም መጽሐፉን የጻፉትን ትሰድባለች፤ እውነትና ሐሰት በሚል ሰበብ ሰው የሚያደናግሩ ሥራ ፈቶች። ፈተናው አርባ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ በሰባት ስህተት ወደቀች። ሣባ «ተይው፣ በሃምሳ ሁለት ዓመትሽ» ስትላት አንድ ሳምንት አኮረፈቻት። ሁለተኛ ጊዜ በሁለት ስህተት አለፈች፤ የተሳሳቱት ሁለቱ ጥያቄዎች ናቸው እንጂ እሷ አይደለችም።

ልምምዱን እሁድ እሁድ ባዶ የገበያ አደባባይ ላይ ወልደንኪኤል አስያዛት። ታጋሽ ነበር። ሲኞር ኤቶሬ ካልመጣሁ ብለው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሲጮኹ ግን እሱ እንኳ አንዴ መኪናውን ጥሎ ወርዷል።

የመንዳት ፈተናው ሰኔ ላይ ነበር። ፈታኙ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ሽቶ የተቀባ ልጅ፣ ጠባብ መንገድ ላይ ካሚዮን ከፊታቸው ሲመጣ «እለፊው፣ ቦታ አለ» አላት። ካሳነሽ ጥጓን ይዛ ቆመች፤ የሹፌሩን ፊት እስክታይ ጠበቀች፤ ሹፌሩ አንገቱን ነቀነቀ፣ አለፈ። ልጁ አንድ ነገር ጻፈ። ሊፈትናት ይሁን ወይስ ስለማያውቅ እስከ ዛሬ አልገባትም። አለማወቅ ነው ብላ ደምድማለች።

የመንጃ ፈቃድ ካርዷን ይዛ ስትመጣ ሲኞር ኤቶሬ ፎቶውን በመነጽራቸው አስጠግተው አዩት።

«አስቀያሚ ወጥተሻል።»

«ራስዎን በሚያዩበት ዓይን ነው የሚያዩኝ» አለች፤ ካርዱን ግን ከእጃቸው ቶሎ አልወሰደችም። ሽማግሌው ልደቷን፣ ስሟን፣ ሙሉ ስሟን ፊደል በፊደል እያነበቡ ነበር።

ዛሬ ዛሬ ማክሰኞና ዓርብ እሳቸውን ወደ ፊዚዮቴራፒ የምታደርሰው ካሳነሽ ናት፣ በሽማግሌው አሮጌ ፓንዳ መኪና። በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትነዳለች። ከኋላዋ የሮም ሰው ተሰልፎ ክላክስ ይነፋል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ እናቷን ያነሳል። እሷ ስፖኪዮውን አንዴ ታየዋለች። «ምን ቸኮለው» ትላለች፤ «የሚሄድበትስ ምን ቁም ነገር አለው?» ሲኞር ኤቶሬም ከጎኗ፣ መስኮቱን ከፍተው፣ በእሷ ፈንታ ይሳደቡላታል።